በዓሉ ግርማን ለማን? ከየትኛው መጽሐፍ?

(ጎንደር ላይ ለንባብ ክበብ አባላት፣ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችና ለአማርኛ መምህራን የቀረበ ንግግር ጽሑፍ)

የተከበራችሁ የንባብ ወዳጆች፤

"አንድ ጥሩ ልቦለድ ጠቁሙኝ" ለሚል ሰው አብዛኞቻችን የምንመልስለት የደራሲ ስም ነው። "በዓሉ ግርማን አንብብ" እንለዋለን። ሰውየውም ከቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ወይም ፒያሳ አካባቢ መንገድ ዳር ከተዘረጉት መጻሕፍት መካከል በዓሉ የጻፈው ሆኖ ያገኘውን አንሥቶ ይሄዳል። በዓሉ ዕድሜውን ሁሉ አንድ ዓይነት ልቦለድ ሲጽፍ የኖረ ቢሆን ይህ ምክር ባልከፋ ነበር። እሱ ግን ከ1962 እስከ 1975 ዓ.ም. ባሉት 13 ዓመታት ስድስት ልቦለዶች ሲያሳትም አንዱን ከሌላው ጋር የሚያመሳስል ዘርፍ አልያዘም። "ከአድማስ ባሻገር" የከተማ ምሁራን የፍቅርና የሥነ ልቦና ታሪክ ነው። "የህሊና ደወል" እና "ሐዲስ" ገጠር ወርዶ ትምህርት ቤት ለማሠራት የሚታገል መምህርን ይከተላሉ። "የቀይ ኮከብ ጥሪ" የአብዮት ልቦለድ ነው፤ "ደራሲው" ስለ ድርሰት ሥራና ስለ ደራሲ ኑሮ ነው፤ "ኦሮማይ" ደግሞ ጦርነት፣ ስለላ፣ ፖለቲካና ፍቅር የተፈተሉበት ነው።

ስለዚህ "ኦሮማይ"ን በሁለት ሌሊት የጨረሰ ወጣት "ከአድማስ ባሻገር"ን ተውሶ 40ኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ቢመልሰው ሊገርመን አይገባም። ተኩስ ጠብቆ የሠዓሊነት ምኞት ያደረበት የመንግሥት ሠራተኛ ጭንቀት ነው ያገኘው። ጥፋቱ የጠቋሚው ነው። የደራሲውን ስም ሰጠው እንጂ መጽሐፉን አልሰጠውም።

ዛሬ የምናቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው፦ በብዙ ዘርፍ የጻፈን ደራሲ ስትጠቁሙ ዘርፉ ሲቀያየር ሳይለወጥ የሚቆየውን ነገር ፈልጉ፤ እሱን ይዛችሁ አንባቢውን ከአንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላው አሻግሩ። ለበዓሉ የሚሠራው ዘዴ፣ የዚህችው ከተማ ተወላጅ ለሆነው ለብርሃኑ ዘሪሁንም ይሠራል፤ ወደ እሱ ኋላ እንመለሳለን።

በዓሉ የተወለደው ኢሉባቦር፣ ሱጴ ነው። አዲስ አበባ ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ አሜሪካ ሚሺጋን ሄዶ ጋዜጠኝነት አጠና። "መነን" መጽሔትን፣ "አዲስ ሪፖርተር"ን፣ "አዲስ ዘመን"ንና "ሄራልድ"ን በአዘጋጅነት መርቷል፤ በደርግ ዘመንም እስከ ማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹመት ደርሷል። ይህ የሕይወት ታሪክ ለጠቋሚ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛው የዓረፍተ ነገሩን ነገር ያስረዳል፦ አጭር፣ ፈጣን፣ በንግግር የተሞላ ነው፤ ጋዜጣ ያሠለጠነው እጅ ነው። ሁለተኛው ቢሮን፣ ግብዣ ቤትን፣ የባለሥልጣን ስብሰባን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው መሆኑን ያሳያል፤ በስድስቱም ልቦለዶች ውስጥ አንባቢ የሚያምነው ዝርዝር ከዚያ የመጣ ነው።

ዘርፉ ሲለወጥ የማይለወጠው ግን ከዚህም በላይ ነው። ገጸ ባሕርያቱን ጎን ለጎን አቁሟቸው። የ"ከአድማስ ባሻገር"ን አበራ ወርቁን፣ ሐዲስ ሳህሌን፣ የ"ደራሲው"ን ሲራክን፣ የ"ኦሮማይ"ን ጋዜጠኛ ፀጋዬ ኃይለማርያምን። አራቱም የተማሩ ናቸው። አራቱም ደመወዝ፣ ሹመት ወይም ዝና በአንድ ወገን፣ ኅሊናቸው የሚጠይቃቸው ሥራ በሌላ ወገን ሆኖ ይጎትታቸዋል። ለአበራ ሥራው ሥዕል ነው፤ ለሐዲስ ትምህርት ቤት ነው፤ ለሲራክ ድርሰት ነው፤ ለፀጋዬ እውነትን መናገር ነው። አንባቢያችሁ ከነዚህ ሰዎች በአንዱ ከተነካ፣ ዘርፉ ምንም ይሁን ምን፣ ሌሎቹን ይከተላል። የነካው ተኩሱ ብቻ ከሆነ ግን በዓሉን ትታችሁ ሌላ የስለላ ልቦለድ ስጡት፤ ይህም ጥሩ ጥቆማ ነው።

ይህን ለማወቅ መጠየቅ ያስፈልጋል። "ምን ዓይነት መጽሐፍ ትወዳለህ?" የሚለው ጥያቄ ብዙ አይጠቅምም፤ ሰው መውደድ አለብኝ ብሎ የሚያስበውን ይመልሳል። ከዚህ ይልቅ "መጨረሻ ላይ የጨረስከው መጽሐፍ የቱ ነው?" በሉ። ለትልቅ ሰው ሲሆን "አባቴ፣ በቅርብ እስከ መጨረሻው ያነበቡት የቱን ነው?" የጀመረውን ሳይሆን የጨረሰውን። ከዚያ "ሳትጨርስ የተውከውስ? የት ላይ ተውከው?" ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል። መጀመሪያ ላይ የተወ ሰው ብዙውን ጊዜ አገባቡ ዘግይቶበት ነው፤ እንዲህ ላለው "ኦሮማይ" ይሆነዋል። መካከል ላይ የተወ ሰው ገጸ ባሕርያት በዝተውበት ወይም ጊዜ አጥሮበት ነው። መጨረሻው ሊደርስ ሲል የተወ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አዝኖ ወይም ተናድዶ ነው፤ ለእሱ አሳዛኝ ፍጻሜ ያለውን ወዲያው አታቀብሉት።

ሦስተኛው ጥያቄ የጊዜ ነው፤ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ተማሪም ሠራተኛም በሥራ ቀን በምቾት የሚያነበውን 20 ገጽ ብላችሁ ገምቱ። የመጽሐፉን ገጽ ለ20 አካፍሉ። 400 ገጽ ያለው መጽሐፍ 20 ቀን ይፈልጋል ማለት ነው። የውሰቱ ጊዜ 14 ቀን ከሆነ አንባቢው ሳይጨርስ ይመልሳል፤ ተመልሶ አይወስደውም፤ "ከብዶኝ ተውኩት" ብሎም ለጓደኛው ያወራል። መጽሐፉ ግን አልከበደውም፤ ቀን አጠረው እንጂ። ስለዚህ ወፍራሙን ስትሰጡ ከመጀመሪያው ሁለት ዙር ውሰት መዝግቡለት።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ። በታተሙበት ቅደም ተከተል አንሄድም፤ ለአንባቢ የሚስማማው ቅደም ተከተል እሱ አይደለም።

"ኦሮማይ" ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታተመ፤ ወዲያውም ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፤ የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህ ታሪክ መጽሐፉን ዝነኛ አድርጎታል፤ ንባቡንም አበላሽቶታል። "ደራሲውን ያስገደለው መጽሐፍ" ተብሎ የተሰጠው ሰው እንደ ምርመራ መዝገብ ያነበዋል፦ ይህ ባለሥልጣን ማን ነው? ያ ኮሎኔል የትኛው ነው? እያለ ስም ሲያፈላልግ ፀጋዬ የሚባለው ሰው ያመልጠዋል። ስትጠቁሙ የደራሲውን ዕጣ ከንባቡ በኋላ ንገሩት። መስጠት ያለባችሁ መነሻ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ በ1974 ዓ.ም. ደርግ ኤርትራ ላይ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ሲያውጅ አንድ የአዲስ አበባ ጋዜጠኛ የፕሮፓጋንዳውን ሥራ እንዲመራ አሥመራ ይላካል፤ አዲስ አበባ እጮኛው ሮማን አለች፤ አሥመራ ላይ ፊያሜታ ጊላይን ያገኛል። ከዚህ በላይ አትጨምሩ።

ታሪኩን የሚተርከው ፀጋዬ ራሱ ነው። ይህ ለጀማሪ አንባቢ ትልቅ እገዛ ነው፤ በመጀመሪያው ገጽ "እኔ" የሚል ሰው ያገኛል፤ የሚያየውን ያያል፤ የማያውቀውን አያውቅም። አንባቢውን የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው። አንደኛ፣ የቦታ ስም። አሥመራን፣ ከረንን፣ ምጽዋንና ናቅፋን የሚያሳይ ካርታ በአንድ ወረቀት ላይ ንድፍ አድርጋችሁ ከመጽሐፉ ጋር አያይዙ፤ ናቅፋ በሰሜን ተራራማው ቦታ እንደምትገኝ ያላየ ሰው የዘመቻው ክብደት አይገባውም። ሁለተኛ፣ ጊዜው። ወጣቶቻችን ከ1966 እስከ 1974 ያለውን በአንድ ላይ "የደርግ ዘመን" ብለው ነው የሚያውቁት። ከካርታው ጀርባ አራት ዓመተ ምሕረት ጻፉ፦ 1966፣ አብዮቱ ፈነዳ፤ 1969፣ ቀይ ሽብር ታወጀ፤ 1970፣ የሶማሊያ ጦር ከኦጋዴን ተባረረ፤ 1974፣ ቀይ ኮከብ ዘመቻ። ይበቃል።

ለማን አይሰጥ? በዚህ ከተማ ጦርነት የሩቅ ወሬ አይደለም። ልጁን ወይም ወንድሙን በቅርቡ ያጣ ሰው ልቦለድ ሲጠይቃችሁ "ኦሮማይ"ን መጀመሪያ አታቅርቡ። እሱ ራሱ ስሙን ጠርቶ ከጠየቀ ስጡት፤ ነገር ግን የጦር ሜዳ ምዕራፎች በመጨረሻው ክፍል እንደሚጠብቁት አስቀድማችሁ ንገሩት። ይህ ታሪኩን መንገር አይደለም፤ ለሰው መጠንቀቅ ነው።

ከ"ኦሮማይ" በኋላ ብዙዎች "ከአድማስ ባሻገር"ን ያስከትላሉ። እኛ "ደራሲው"ን እንመርጣለን፤ ምክንያታችንም ይህ ነው። "ደራሲው" በ1972 ዓ.ም. ወጣ፤ ከ"ኦሮማይ" ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ። ሲራክ የሚባል ደራሲ በኑሮ፣ በመጠጥ፣ በቤተሰብና በአድናቂዎች መካከል ሆኖ ምን ልጻፍ፣ ለማን ልጻፍ፣ እውነቱን ስጽፍ ምን ልከፍል ነው እያለ ይታገላል። ስብሐት ገብረእግዚአብሔርን መነሻ አድርጎ እንደተጻፈ በሰፊው ይነገራል፤ ነገር ግን ስብሐትን ለማወቅ ብሎ የሚያነበው ሰው ከሚያገኘው ይልቅ በዓሉን ለማወቅ ብሎ የሚያነበው የበለጠ ያገኛል። የፀጋዬን መጨረሻ ያየ አንባቢ ሲራክ የሚያነሣውን ጥያቄ ሲያይ በዓሉ "ኦሮማይ" ላይ የወሰደው እርምጃ ድንገት እንዳልነበረ ይገባዋል። ተኩስ የለም፤ ክርክሩ ግን ያው ነው። ከጦርነት ልቦለድ ወደ ሥነ ልቦና ልቦለድ የሚሻገር አንባቢ በዚህ መጽሐፍ በኩል ቢያልፍ አይደናቀፍም።

"ደራሲው"ን በመጀመሪያ ለማንም አትስጡ፤ ግጥምና አጭር ልቦለድ ለሚሞክሩ ወጣቶች እንኳ። እነሱ ከሲራክ ሥራውን ሳይሆን ኑሮውን፣ በተለይ መጠጡን፣ ይዘው ይወጣሉ። አንድ ሌላ የበዓሉ መጽሐፍ ያነበበ ወጣት ግን ሲራክ ማታ ማታ ምን እንደሚያደርግ ሳይሆን ጠዋት ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚገጥመው ያያል።

"ከአድማስ ባሻገር" ሦስተኛ ቢሆን ጥሩ ነው፤ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ላነበበና ለወደደ ሰው ግን አንደኛ ይሁን። የሐዲስ ዓለማየሁ አንባቢ ቀስ ብሎ የሚሄድ ታሪክን ለምዷል፤ የሰው ልብ ውስጥ መግባትን ይወዳል። ከጎጃም ገጠር ተነሥቶ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ነበረው አዲስ አበባ ሲገባ፣ አበራን፣ ሉሊትንና ጓደኛውን ኃይለማርያምን ሲያገኝ፣ ፍቅር በመኳንንት ቤት አጥር ሳይሆን በሰውየው በራሱ ውስጥ ባለው አጥር ሲታገድ ያያል። ሁለቱን መጻሕፍት በተከታታይ ያነበበ ክበብ የሚወያይበት አያጣም። ፍጻሜውን ግን ማንም እንዳይናገር አደራ፤ የዚህ ልቦለድ ጉልበት ግማሹ መጨረሻው ላይ ነው።

ስለ "ሐዲስ" ረዘም አድርገን እንናገር፤ በጎንደር ከበዓሉ ሥራዎች ሁሉ በጣም ሊነበብ ሲገባው በጣም የሚረሳው እሱ ነው። መጀመሪያ አንድ ግራ መጋባት እናጥራ። "የህሊና ደወል" በ1960ዎቹ አጋማሽ ታተመ፤ በ1975 የወጣው "ሐዲስ" የዚያው ታሪክ እንደገና መጻፍ ነው። ስለዚህ ሁለቱን አከታትላችሁ ለአንድ አንባቢ አትስጡ፤ "ይህንን አንብቤዋለሁ" ብሎ በመካከል ይተዋል፤ የተታለለም ይመስለዋል። ለተራ አንባቢ "ሐዲስ" ይበቃል። ሥነ ጽሑፍ ለሚያጠና ተማሪ ግን ሁለቱን መስጠት ትልቅ ስጦታ ነው፤ አንድ ደራሲ የራሱን ልቦለድ ከዓመታት በኋላ እንዴት እንደሚያርም፣ ምን እንደሚቆርጥ፣ ምን እንደሚያሰፋ በዓይን የሚታይበት አጋጣሚ በአማርኛ ብዙ የለም። እንዲህ ላለው ተማሪ አንድ ምዕራፍ መርጦ ሁለቱን ቅጂ ጎን ለጎን ዘርግቶ በእርሳስ ልዩነቱን እንዲያሰምር ንገሩት፤ ሙሉውን ማወዳደር አያስፈልግም።

ለማን ይሰጥ? ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የሕዝብ ጤና ባለሙያ እያሠለጠነች ወደ ገጠር የምትልክ ከተማ ናት። ዛሬም ከማራኪም ከሌሎቹም የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች የሚወጡ መምህራን፣ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ምደባቸው ሩቅ ወረዳ ነው። ሐዲስ ሳህሌ እንደነሱ ነው። ወደ ኢሉባቦር ይወርዳል፤ ሕዝቡን አስተባብሮ ትምህርት ቤት ለማሠራት ሲነሣ ገንዘብ ከመሰብሰብ ይልቅ የሚከብደው የሰው ቅናት፣ የሹም ጥርጣሬና የራሱ ትዕግሥት ማጣት ይሆንበታል። ለተመራቂ ተማሪ የምርቃት ስጦታ መጽሐፍ የሚጠይቃችሁ ወላጅ ቢኖር ከሁሉ በፊት ይህን አቅርቡለት። ምክር የሚሰጡ መጻሕፍት ከሚነግሩት ይልቅ ይህ ልቦለድ ያሳያል።

"የቀይ ኮከብ ጥሪ" አስቸጋሪው ነው። በመጀመሪያ ስሙ ያሳስታል። በ1972 ዓ.ም. የታተመ ልቦለድ ነው፤ ቀይ ኮከብ ዘመቻ የታወጀው በ1974 ነው። "የኦሮማይ ክፍል አንድ ነው" ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ቢያጋጥማችሁ አትመኑ፤ ስለ ኤርትራው ዘመቻ አይደለም፤ ስለ አብዮቱ የመጀመሪያ ዓመታት ነው። ሁለተኛ፣ የተጻፈው አብዮቱን ከሚደግፍ ወገን ሆኖ ነው። እዚህ ከተማ ደግሞ የእነዚያ ዓመታት ትዝታ ሌላ ነው። መላኩ ተፈራ የደርግ ተጠሪ ሆኖ በነበረበት ጊዜ የጎንደር እናት፦

"መላኩ ተፈራ የእግዜር ታናሽ ወንድም፣
የዛሬን ማርልኝ ሁለተኛ አልወልድም"

ብላለች። ይህን እንጉርጉሮ በእናታቸው አፍ የሰሙ ሰዎች ዛሬም መካከላችን አሉ። ለእነሱ ይህን ልቦለድ እንደ መዝናኛ ማቅረብ ነውር ነው። ታሪክ ለሚያስተምር፣ የዘመኑን ቋንቋና ተስፋ ከውስጥ ማየት ለሚፈልግ ሰው ግን ጠቃሚ ነው፤ በተለይ ከ"ኦሮማይ" በኋላ ሲነበብ፣ የአንድ ደራሲ እምነት በሦስት ዓመት ውስጥ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ያሳያል። ስትሰጡት ዓመተ ምሕረቱን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ 1972 መሆኑን ሳያውቅ የሚያነብ ሰው ደራሲውን ያለ አግባብ ይፈርድበታል።

ወደ ብርሃኑ ዘሪሁን እንለፍ። ጎንደር ተወልዶ፣ እዚሁ የጀመረውን ትምህርት አዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብቶ የቀጠለ፣ እንደ በዓሉ ሁሉ ጋዜጠኛ የነበረ፣ "የኢትዮጵያ ድምፅ"ንና "አዲስ ዘመን"ን ያዘጋጀ፣ በ1979 ዓ.ም. ያረፈ ደራሲ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ከበዓሉም ያጠረና የጠራ ነው። ዘርፉም ይበዛል፦ በ1952 "ሁለት የእንባ ደብዳቤዎች"ን ይዞ መጣ፤ በ1958 በታሪካዊ ልቦለድ "የቴዎድሮስ እንባ"ን ጻፈ፤ በ"ብር አምባር ሰበረልዎ" የጋብቻ ልማዳችንን ፈተሸ፤ በ1970ዎቹ "ማዕበል" በሚል ርእስ በሦስት መጽሐፍ የድርቁንና የአብዮቱን ዘመን አሳየ፤ ከዚህም ሌላ "ባልቻ አባ ነፍሶ"ን የመሳሰሉ ተውኔቶች አሉት። እንዲህ ያለ ሰው በገዛ ከተማው በዓሉን ያህል ስሙ አለመጠራቱ ያሳዝነናል፤ ይህንን ማስተካከል ደግሞ በእናንተ እጅ ያለ ነገር ነው።

ለጎንደር አንባቢ መነሻው ያለ ጥርጥር "የቴዎድሮስ እንባ" ነው። አንድ ችግር ግን አስቡ። እዚህ ቴዎድሮስን የማያውቅ የለም፤ ቋራን፣ የመቅደላውን ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በ1859 ከተማይቱን ማቃጠሉንም ጭምር። ታሪኩን የሚያውቅ አንባቢ "ምን ይሆናል?" ብሎ አያነብም። ስለዚህ ስትጠቁሙ የሚያየውን ነገር ለውጡለት፦ ንጉሡ ምን እንዳደረገ ሳይሆን፣ ብቻውን ሲሆን ምን እንደሚሰማው እንዲያይ። ሽማግሌዎች "አብያተ ክርስቲያናቱን ያቃጠለውን ሰው ሊያስለቅሱልን ነው?" ብለው ቢቆጡ አትከራከሯቸው፤ ጥያቄው ለክበቡ ውይይት ከሁሉ የተሻለ መክፈቻ ነው። ወጣቶቹ አንብበው ሽማግሌዎቹ የሰሙትን ይንገሩ፤ ሁለቱ ሲገናኙ መጽሐፉ ራሱ ይነበባል። ከዚህ በኋላ አሁንም ቴዎድሮስን የሚፈልግ አንባቢ ወደ አቤ ጉበኛ "አንድ ለናቱ" ይሂድ፤ ብርሃኑን የሚፈልግ ወደ "ብር አምባር ሰበረልዎ"። የቱን እንደሚፈልግ የሚለየው አንድ ጥያቄ ነው፦ "ከመጽሐፉ የቀረብህ ንጉሡ ነው ወይስ አጻጻፉ?"

"ማዕበል" የመጨረሻ ይሁን። ሦስቱ መጻሕፍት "የአብዮት ዋዜማ"፣ "የአብዮት መባቻ" እና "የአብዮት ማግስት" ይባላሉ፤ በዚህ ቅደም ተከተል ካልሆነ አይነበቡም። በገበያ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ተለያይቶ ነው። ሦስቱንም ሳትይዙ የመጀመሪያውን ለማንም አታውሱ፤ አንባቢው ጀምሮ ቀጣዩን ሲያጣ ተስፋ ይቆርጣል።

ስለ ክበብ ንባብ ጥቂት። 12 አባላት ቢኖሩና 4 ቅጂ ብቻ ቢገኝ፣ ሦስት ሦስት ሰው በአንድ ቅጂ መድቡ፤ መጽሐፉን በገጽ ቁጥር ለ4 ክፍል ከፍሉ፤ እያንዳንዱ ሰው አንዱን ክፍል በ4 ቀን አንብቦ ለሚቀጥለው ያቀብል። በ12 ቀን ሁሉም አንዱን ክፍል ይጨርሳል፤ በ13ኛው ወይም በ14ኛው ቀን ተሰብሰቡ። እንዲህ ከሆነ አንድ ልቦለድ ስምንት ሳምንት ይወስዳል። ረጅም ነው፤ ግን ሁሉም ያነባል። መጀመሪያ ያነበበው ሰው 10 ቀን ሲጠብቅ እንዳይረሳ፣ የደነቀውን ሁለት ገጽ ቁጥርና አንድ ጥያቄ በወረቀት ጽፎ ይያዝ። ውይይቱን ሁልጊዜ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ በማንበብ ጀምሩ፤ "መጽሐፉ እንዴት ነበር?" በሚል ጥያቄ ከጀመራችሁ "ጥሩ ነበር" ተብሎ ያልቃል።

ቅጂ ስትገዙም ተጠንቀቁ። የበዓሉ ሥራዎች፣ በተለይ "ኦሮማይ"፣ ፎቶ ኮፒ ተደርገው ተጠርዘው ይሸጣሉ። ነገሩ የደራሲውን ቤተሰብ መብት የሚነካ ከመሆኑም በላይ ንባቡን ያበላሻል። መጽሐፍ ሲታተም ገጾቹ አብዛኛውን ጊዜ በ16 በ16 ታጥፈው ነው የሚሰፉት፤ ስለዚህ ሲጎድል የሚጎድለው አንድ ገጽ ሳይሆን 16 ገጽ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ያው 16 ገጽ ሁለት ጊዜ ይገባል። ከመክፈላችሁ በፊት የገጽ ቁጥሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአውራ ጣት እያገላበጣችሁ ተከተሉ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በጥራዙ በኩል ያለው የመስመር መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ፊደል ተውጦ ከሆነ ተዉት። የመጨረሻውን ገጽ በተለይ እዩ፤ በእጅ በእጅ በዞረ አሮጌ መጽሐፍ ላይ ቀድሞ የሚወድቀው እሱ ነው፤ "ከአድማስ ባሻገር"ን ያለ መጨረሻ ገጽ ማዋስ ደግሞ አንባቢን ማሰቃየት ነው።

በጀታችሁ ለአምስት መጽሐፍ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግዢው በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን፦ "ሐዲስ"፣ "የቴዎድሮስ እንባ"፣ "ኦሮማይ"፣ "ከአድማስ ባሻገር"፣ "ደራሲው"። "ኦሮማይ"ን ሦስተኛ ያደረግነው አንባቢው በሌላ መንገድም ፈልጎ የሚያገኘው ስለሆነ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ግን እናንተ ካላቀረባችኋቸው የሚያቀርብላቸው የለም። በየመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፋችሁ "ይህን የወደደ ቀጥሎ የሚያነበው" ብላችሁ አንድ ርእስ ብቻ ጻፉ። ሁለት ከጻፋችሁ አንባቢው ይመርጣል፤ ሲመርጥም ዝነኛውን ያነሣል።